«በሆርሞን ይገድላል» የተባለው የተምች መድኃኒት፤ ትሉን ቆዳ የሚያስቀይረው ማነው?

የሜጫ ልጅ
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መራዊ አካባቢ ነን። በቆሎው ከጉልበት አልፎ ሲያምርብን ተምቹ ገባበት። ያው መጤው ነው፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ «ዋይ» የሚመስል ነጭ መስመር ያለበት። ከተማ ካለ አንድ የግብርና መድኃኒት ሱቅ ገዝተን ረጨን። ሻጩ «ይሄኛው ሌላ ነው፤ ትሉን በሆርሞን ነው የሚጨርሰው» ብሎናል። በማግስቱ ብናይ ይበላል። በሣልስቱም ይበላል። አባቴ «ብራችንን ከውኃ ጋር ረጨነው» ብሎ ተበሳጭቶ ቀረ።

ቆየት ብዬ ጥቅል ቅጠሉን ስገልጥ ግን ግራ የገባኝን ነገር አየሁ። አንዱ ትል አሮጌው የራሱ ቅርፊት አፉ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ አልወለቀም። ከኋላው ነጣ ያለ አዲስ ራስ ብቅ ብሏል። ጀርባው ላይ ቆዳው ተሰንጥቆ ፈሳሽ አውጥቶ ጠቁሯል። ሞቷል። አጠገቡ ያለው ትልቁ ግን ደኅና ነው፣ እየበላ ነው።

እሽጉ ላይ «ሉፌኑሮን» ይላል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ነገር እውነት ሆርሞን ነው ወይ? ደግሞስ ትሉ መቼ ቆዳ መቀየር፣ መቼ አፈር ገብቶ የእሳት እራት መሆን እንዳለበት ማን ይነግረዋል?


ጥያቄ በጥያቄ
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ሆርሞን የሚባለው ዋጋ ማስወደጃ ነው ወንድምዓለም። በ2009 ዓ.ም. ይሄ ተምች መጀመሪያ አገራችን የገባ ጊዜ ቡሬ ላይ በእጃችን እየለቀምን ነው የተከላከልነው። ያኔ ሆርሞን የሚል ሰው አላየንም። እሽጉን ይዘህ ሂድና ብርህን አስመልስ።


ዕፅዋት ጠባቂ
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ብሩን አያስመልስም፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። የሚታየው ችግር የተረጨበት ጊዜ መዘግየቱ ነው።

ሉፌኑሮን ሆርሞን አይደለም። ሻጩ ቃሉን የሆነ ቦታ ሰምቶ ነው። የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራው ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሉፌኑሮን ይህ ካይቲን እንዳይሠራ ያግዳል። ትሉ ቆዳ የሚቀይርበት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ የጎደለበትን አያውቀውም፤ ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል። «ቆዳ ቀይር» የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ (ይሄኛው በእርግጥ ሆርሞን ነው) አሮጌው ቆዳ ይላቀቃል፣ አዲሱ ግን አልተሠራም። ያየኸው ያንን ነው። በጥሩ ዓይን አይተሃል፤ ብዙ ሰው የሞተ ትል ካየ ገልብጦ አያየውም።

ስለዚህ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው የትሉ ዕድሜ ነው። መጤ ተምች ስድስት የትል ደረጃ አለው፤ በየደረጃው መካከል ቆዳ ይቀይራል። ከእንቁላል ሲፈለፈል ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወደ 6፣ አራተኛው ላይ 10፣ አምስተኛው ላይ 17፣ ስድስተኛው ላይ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ከሚበላው ሁሉ አብዛኛውን የሚበላው በዚች በመጨረሻዋ ደረጃ ነው። ትንሹ ትል ቶሎ ቶሎ ቆዳ ስለሚቀይር መድኃኒቱ ቶሎ ያገኘዋል። ስድስተኛው ላይ የደረሰው ግን ሙሽሬ (በትሉና በእሳት እራቱ መካከል ያለው፣ የማይበላበት ደረጃ) እስኪሆን ድረስ ቆዳ አይቀይርም፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በቆሎህን ይበላል።

የረጨህ ዕለት ትሎቹ ምን ያህል ነበሩ?


የሜጫ ልጅ
ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 1፡05

ትልልቆቹ ከአመልካች ጣቴ ሁለት አንጓ ይበልጣሉ። ትንንሾችም ነበሩበት። የሞቱት ትንንሾቹ ናቸው፤ አሁን ገባኝ። ለአባቴ ነገርኩት፤ «ታዲያ ሻጩ ትንሹን ብቻ ነው የሚገድለው አይልም ነበር?» አለ። መልስ የለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። «ትእዛዝ ሲመጣ» ያልከው ከየት ነው የሚመጣው?


መምህርት ዘማርቆስ
ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 1፡50

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር ከምወደው ቦታ አንዱ ነው፤ የክፍለ ጊዜ እጥረት ብሎ የሚያልፈው መምህር ግን ብዙ ነው።

ትእዛዙ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው አንጎል ነው። ትሉ በቂ ሲበላ አንጎሉ አንድ ሆርሞን ይለቅና ደረቱ ውስጥ ያሉትን ዕጢዎች ይቀሰቅሳል። ዕጢዎቹ ሁለተኛውን ይለቃሉ፤ ስሙ ኤክዳይሶን ነው። ቆዳ የሚያስቀይረው እሱ ነው። ሦስተኛው ከአንጎል ኋላ ካሉ ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች የሚወጣው ጁቬናይል ሆርሞን ነው፤ የልጅነት ሆርሞን በሉት።

ሰው ብዙውን ጊዜ ተሳስቶ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። «ማደጊያ ሆርሞን ሲበዛ ትሉ ያድግና የእሳት እራት ይሆናል» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ኤክዳይሶን የሚለው «ቀይር» ብቻ ነው፤ ወደ ምን እንደሚቀየር አይናገርም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ቅዳሴ ይሁን ቀብር ደርሶ ነው የሚያየው። ወደ ምን የሚለውን የሚወስነው በዚያች ሰዓት ደም ውስጥ ያለው የልጅነት ሆርሞን መጠን ነው። ካለ፣ ትሉ ቆዳ ቀይሮ ትልቅ ትል ይሆናል። ከጠፋ፣ ሙሽሬ ይሆናል። ክንፍ የሚያወጣው አዲስ ነገር ስለመጣለት ሳይሆን የከለከለው ነገር ስለተነሣለት ነው። የክንፉ ጅማሬ የሆኑት ሕዋሳት ገና ትል ሳለ ቆዳው ሥር ታጥፈው ይጠብቃሉ።

ይህ እንዴት እንደታወቀ ልንገራችሁ። ስቴፋን ኮፔች የሚባል ፖላንዳዊ በ1917 እና በ1922 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጽሑፎች የትልን ወገብ በክር አጥብቆ አሰረ። ቀድሞ ካሰረው የፊቱ ግማሽ ሙሽሬ ሲሆን የኋላው ግማሽ ትል እንደሆነ ይቀራል። አንዲት የተወሰነች ቀን ካለፈች በኋላ ካሰረው ሁለቱም ግማሽ ሙሽሬ ይሆናሉ። ነርቡን ቢቆርጠው ለውጥ የለም፤ አንጎሉን ሲያወጣው ግን ነገሩ ይቆማል። ስለዚህ አንጎሉ መልእክቱን የሚልከው በደም ነው ማለት ነው። በዚያን ዘመን አንጎል ሆርሞን ያወጣል የሚል ሰው አልነበረም፤ ብዙም አልሰሙትም። እሱንም በ1941 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ዋርሶ አጠገብ ረሸኑት።

ቀጥሎ እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ መጣ፣ በ1930ዎቹ። የሠራው ደም በሚመጥ የደቡብ አሜሪካ ትኋን መሰል ነፍሳ ላይ ነው። ይሄ ነፍሳ በየደረጃው አንድ ጊዜ ጠግቦ ደም ካልጠጣ ቆዳ አይቀይርም፤ የእኛው የቤት ትኋንም እንዲሁ ነው፣ አምስቱም ደረጃ ላይ ደም ይፈልጋል። ሆዱ ሲወጠር ወሬው አንጎል ይደርሳል። ዊግልስዎርዝ የነፍሳውን ራስ ቆርጦ ጣለው፤ ያለ ራስ ከዓመት በላይ የቆየ አለ፣ ቆዳ ሳይቀይር። ከዚያ ሁለቱን ነፍሳ ደማቸው እንዲገናኝ አድርጎ አጣበቃቸው። ልጁን ለአካለ መጠን ሊደርስ ከተቃረበው ጋር ሲያጣብቅ ትልቁ ማደጉን ትቶ እንደገና ልጅ ሆነ። የልጅነት ሆርሞን መኖሩ የታወቀው በዚህ ነው።

የሜጫ ልጅ፣ «መቼ» ላልከው መልሱ ክብደት ነው። በደንብ የተጠናው የትምባሆ ትል ላይ ነው። በመጨረሻው ደረጃ ከሙሉ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ላይ ሲደርስ የልጅነት ሆርሞን መመንጨቱ ይቆማል፤ ደሙ ውስጥ ያለውም ይጠፋል። ከዚያ በሌሊት ትንሽ ኤክዳይሶን ይለቀቃል። ትሉ መብላት ያቆማል፣ ይቅበዘበዛል፣ ወደ መሬት ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ ብዙው ይለቀቅና ሙሽሬ ይሆናል። ተምቹም ከበቆሎው ወርዶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲገባ የምታዩት ያቺን የመጀመሪያዋን ትንሽ መጠን ነው።


የደብሩ ጎረቤት
ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2፡20

መምህርት፣ በእኛ ደብር የቀብር ደወል ከቅዳሴው ይለያል። ገና ከቤት ሳንወጣ እናውቀዋለን። ምሳሌው ይስተካከል።


መምህርት ዘማርቆስ
ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2፡31

የእናንተ ደብር ባለጸጋ ነው። የትሉ ደብር አንድ ደወል ብቻ ነው ያለው።


ጥያቄ በጥያቄ
ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 3፡10

መምህርት፣ ትረካው ጥሩ ነው፤ ደክመሽበታል። እኔ ግን ገበሬ ነኝ። ሞኝ አትበሉኝና፣ ይሄ የልጅነት ሆርሞን ልጅ አድርጎ የሚያቆይ ከሆነ ለምን እሱን ራሱን አንረጭም? ትሉ የእሳት እራት ካልሆነ እንቁላል አይጥል። እንቁላል ካልጣለ ዘሩ ይጠፋል። ለምንድነው ታዲያ ይሄን የሚሸጥልን የጠፋው?


ዕፅዋት ጠባቂ
ሐምሌ 11፣ ከቀኑ 6፡45

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጥሩው ይሄ ነው፤ ከሞኝ የሚመጣ ጥያቄም አይደለም።

ግን አስበው። ልጅ ሆኖ ይቆይ ማለት ትል ሆኖ ይብላ ማለት ነው። በቆሎህን የሚጎዳው ትሉ ነው፣ የእሳት እራቱ አይደለም። የልጅነት ሆርሞን ብትረጭበት በልቶ የሚጠግብበትን ቀን ታራዝምለታለህ። ይሄ የሚወደድበት ሥራ አለ፤ የሐር ትል አርቢዎች ናቸው። ለሐር ትል በትክክለኛው ቀን የዚህን ሆርሞን አምሳያ በጥቂቱ ሲሰጡት የትልነት ጊዜው ይረዝማል፣ ብዙ ይበላል፣ ትልቅ የሐር ቤት ይሠራል። ለአንተ ማሳ ግን ጥፋት ነው።

ተባዩ ትል ሳለ የሚጎዳ ከሆነ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፦ ያለ ጊዜው «ቀይር» የሚል የሐሰት ትእዛዝ። ቴቡፌኖዛይድና ሜቶክሲፌኖዛይድ የሚባሉት እንዲህ ናቸው። በኬሚካል አሠራራቸው ኤክዳይሶንን አይመስሉም፤ ግን የኤክዳይሶንን ቦታ ይይዛሉ፣ እንደ ኤክዳይሶንም ቶሎ አይለቁም። ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ አዲስ ቆዳ መሥራት ይጀምራል፣ አይጨርሰውም፤ በአሮጌው ቆዳ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። በአብዛኛው የሚሠሩት በቢራቢሮና በእሳት እራት ወገን ትሎች ላይ ነው። «በሆርሞን ይገድላል» መባል የሚገባቸው እነዚህ ናቸው። ሲገዛ የንግድ ስሙን ትቶ በትንሹ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ንጥረ ነገር ማንበብ ነው። ሻጩ ማንበብ ካልፈለገ ራሳችሁ አንብቡት።

የልጅነቱ ሆርሞን አምሳያስ የት ይጠቅማል? ልጁ የማይጎዳበት፣ ትልቁ የሚጎዳበት ቦታ። ጣና ዳር ይህን ካየ ይንገረን።


ጣና ዳር
ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 3፡00

አየሁት። ባሕር ዳር ወባ ላይ ነው የምሠራው።

ትንኝ ልጅ ሳለች ውኃ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ማንንም አትነክስም። የምትነክሰው ክንፍ ካወጣች በኋላ ሴቷ ናት። ስለዚህ ልጅነቷን ብናራዝምባት ግድ የለንም። ፓይሪፕሮክሲፌንና ሜቶፕሪን የሚባሉት የልጅነት ሆርሞን አምሳያዎች ውኃው ላይ ሲጨመሩ እጩ (ውኃ ውስጥ ያለችው ልጅ) ታድጋለች፣ ሙሽሬ ትሆናለች፣ እዚያ ላይ ትሞታለች። ክንፍ አይወጣም። መጠኑ በጣም ጥቂት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ፓይሪፕሮክሲፌንን ለመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ሳይቀር በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም መጠን ፈቅዶታል። ሰው የዚህ ሆርሞን ባለቤት አይደለምና።

እንደ የሜጫ ልጅ አባት ያለው ቅሬታ በእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒትም ይመጣል። ተቆጣጣሪው ኩሬውን ያያል፣ እጭ ሲተራመስ ያያል፣ «አልሠራም» ብሎ ይጽፋል። መታየት ያለበት እጩ አይደለም። ሙሽሬውን በጨልፋ ቀድቶ በመረብ በተሸፈነ ዕቃ አስቀምጦ ክንፍ ያወጣ እንዳለ መቁጠር ነው። ወባ ላይ ረጅም ዘመን የሠራን ሰዎች ወዲያው የሞተ ማየት ስለለመድን ይሄን መልመድ ያቅተናል።


መምህርት ዘማርቆስ
ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 9፡20

የጣና ዳር ወሬ አንድ ነገር አስታወሰኝ፤ ለክፍል ተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሬል ስላማ የሚባል የቼክ ሰው ከፕራግ ወደ አሜሪካ፣ ሃርቫርድ፣ ካሮል ዊልያምስ ዘንድ ሄደ። ዊልያምስ በ1956 ከአንድ ትልቅ የእሳት እራት ወንዶች ሆድ የልጅነት ሆርሞኑን በዘይት መልክ ለይቶ ያወጣ ነው። ስላማ የሚያረባትን ቀይ ነፍሳ ይዞ ሄደ። ፕራግ እያለች አምስት ጊዜ ቆዳ ቀይራ ትልቅ ትሆን ነበር። አሜሪካ ግን ከአምስተኛው በኋላ ስድስተኛ፣ አንዳንዴም ሰባተኛ ጊዜ ልጅ ሆና ትቀጥልና ትሞታለች። ውኃውን፣ ምግቡን፣ ሁሉን ለወጡ። ጥፋቱ የተገኘው ዕቃው ውስጥ ባነጠፉት ወረቀት ላይ ነው። የአሜሪካ የእጅ መጥረጊያ ወረቀትና የአሜሪካ ጋዜጦች ልጅነቷን ያራዝማሉ፤ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣና ኔቸር መጽሔት ግን ምንም አያደርጓትም። ምክንያቱ የአሜሪካው ወረቀት የሚሠራበት ባልሳም ፈር የሚባል ጽድ መሰል ዛፍ ነው። ዛፉ ራሱን ከነፍሳት ለመከላከል የልጅነታቸውን ሆርሞን የሚመስል ነገር ይሠራል፤ ወረቀት ሆኖ እንኳ አልጠፋም። ግኝቱ በ1965 ታተመ።

ኤክዳይሶንን በንጹሕ ለማግኘት ደግሞ ጀርመኖቹ ቡተናንትና ካርልሰን በ1954 ከ500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ሙሽሬ 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው ያገኙት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ጃፓናዊው ናካኒሺ የዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር በታይዋን ከሚበቅል አንድ የዛፍ ቅጠል ውስጥ በብዛት አገኘ። ዛፉ የዝግባ ዘመድ ነው! የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ዝግባ ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ።


አያ ቀፎ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጆቼ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝ፤ የምለውንም እሷ ትጽፋለች። ዳንግላ ነው አገሬ።

ንብ ላይ ነው ጥያቄዬ። ሠራተኛዋ ከእንቁላል እስክትወጣ ሃያ አንድ ቀን ይፈጅባታል። አውራዋ በአሥራ ስድስት ቀን ትወጣለች፤ ወንዱ ድንጉላ ሃያ አራት ይሞላዋል። አውራዋ ከሁሉ ትልቅ ሆና ሳለች ከሁሉ ፈጥና ነው የምትወጣ። እንቁላሉ ደግሞ አንድ ነው፤ የሠራተኛዋን እጭ ገና ትንሽ ሳለች ወደ አውራ ቤት ባዛውራት አውራ ትሆናለች። ይሄም የምትሉት ሆርሞን ነው?

ሁለተኛ፣ የጎረቤቴ ማሳ ከቀፎዬ ድንበር ነው። ንቦቼ በቆሎው ሲያብብ ዱቄቱን እየጫኑ ነው የሚገቡ። የምትረጩት ነገር ትልቋን ንብ አይገድላትም አሉኝ። ልጆቿንስ?


መምህርት ዘማርቆስ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡05

አያ፣ እንኳን መጡልን።

አዎ፣ ሆርሞኑ አለበት። እርስዎ ያዛወሯትን እጭ ሞግዚቶቹ በብዛትና በዓይነቱ በተለየ ምግብ ያጠግቧታል፤ እስከ መጨረሻው ያንኑ ትመገባለች። ይህ አመጋገብ ደሟ ውስጥ ያለውን የልጅነት ሆርሞን ከሠራተኛዋ እጭ በጣም ከፍ ያደርገዋል። ያ ከፍታ የእንቁላል ማሕፀኗ እንዲያድግ ያደርጋል፤ በሠራተኛዋ ላይ ግን ያ ማሕፀን ይሟሽሻል። ሳይንቲስቶች ለሠራተኛዋ እጭ በዚያች ዕድሜዋ ሆርሞኑን ሲቀቡላት ወደ አውራነት ታዘነብላለች። ስለዚህ እዚህ ላይ ሆርሞኑ የሚወስነው «ትል ወይስ ሙሽሬ» የሚለውን ብቻ አይደለም፣ «ምን ዓይነት ንብ» የሚለውንም ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ሠራተኛዋ ክንፍ ካወጣች በኋላም ይህ ሆርሞን ሥራ አያጣም። ወጣት ሳለች ዝቅ ብሎ ነው፤ ቤት ውስጥ ልጅ ታበላለች። ሦስት ሳምንት አካባቢ ከፍ ሲል ወደ አበባ ትወጣለች። ቀሳሚዎቹ ቢጠፉ፣ ወጣቶቹ ሆርሞኑ ያለ ዕድሜያቸው ከፍ ብሎላቸው ቀድመው ይወጣሉ።

ሁለተኛውን ዕፅዋት ጠባቂ ይመልስልዎ፤ እኔ ስለ መርጨት አላውቅም።


ዕፅዋት ጠባቂ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 3፡10

አያ ልክ ፈርተዋል። ቆዳ መቀየርን የሚያግዱ መድኃኒቶች ትልቋን ንብ ብዙ አይነኩም፤ ትልቅ ንብ ቆዳ አትቀይርማ። ነገር ግን በዱቄትና በአበባ ማር ጭና ቀፎ ካስገባችው እጮቹ ይበሉታል፣ እነሱ ደግሞ ቆዳ ይቀይራሉ። «ለንብ አይጎዳም» የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የተፈተነው በትልቋ ንብ ላይ ነው። ቀፎው ውጭ ሬሳ ስለማይታይ ገበሬውም ንብ አርቢውም አያውቁትም፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ቀፎው ሰው ያጥረዋል።

መፍትሔው ጊዜ ነው። በቆሎው ሲያብብ አይረጭም። ለተምቹም ቢሆን ያ ጊዜ አልፎበታል፤ የሚረጨው ጥቅሉ ገና ክፍት ሳለ፣ ትሉ ትንሽ ሳለ ነው። ማለዳ ወይም አመሻሽ፣ ወደ ጥቅሉ ውስጥ እንጂ አየር ላይ አይደለም። ከጎረቤትዎ ጋር ቀኑን ተነጋግረው ይወስኑ። ቀፎው ከማሳው ራቅ ቢል ደግሞ ይመረጣል።


ጥያቄ በጥያቄ
ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 2፡30

እሺ ገባኝ። ታዲያ የገዛነው ሁሉ ከውጭ ነው? የእኛ አገር ቅጠል የለም? ኒም ይላሉ፤ ብርብራም አለ፤ አባቶቻችን ጣና ላይ ዓሣ ያደነዝዙበት የነበረው።


ዕፅዋት ጠባቂ
ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 7፡00

ኒም ከዚህ ወሬ ውስጥ ይገባል። ፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የሚባለው ነገር አንጎሉ ኤክዳይሶን እንዲለቀቅ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያደናቅፋል፤ ትሉ ቆዳ መቀየር ያቅተዋል፤ ከዚያ በፊትም ምግቡን ያስጠላዋል። ፀሐይ ቶሎ ያበላሸዋል፤ አመሻሽ ላይ ነው የሚረጨው። ዛፉ ቆላ ይወዳልና ደጋ ላይ ለመትከል አትድከም።

ብርብራ ሌላ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮተኖን አለ፤ እሱ የሕዋሱን አተነፋፈስ ነው የሚያቆመው፣ ከሆርሞን ጋር አይገናኝም። ለዚህ ነው ዓሣውንም ትሉንም የሚገድለው። ሆርሞን ላይ የሚሠራው ደግሞ ሆርሞኑ ያለውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ብርብራን ወንዝ አጠገብ አትጠቀምበት።


የሜጫ ልጅ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ ትልልቆቹን በእጅ እንልቀም ብሏል፤ መጠናቸውን እያየን ነው። ከአሁን በኋላ ማለዳ እየወጣሁ ቅጠሉን መስኮት መስኮት ያደረገውን ትንሹን ትል እፈልጋለሁ፤ ትልቁን አልጠብቅም።

አንድ ነገር ቀረችኝ። ሌላው ተባያችን አገዳ ቆርቁር ነው። ኅዳር ላይ በቆሎ ስንሰበስብ አገዳው ውስጥ ትል ሆኖ አለ። አገዳውን ቤት አጠገብ እንከምራለን፤ ለከብትም፣ ለአጥርም፣ ለማገዶም። ግንቦት ላይ ስንገልጠው ያው ትል ነው፤ አልሞተም፣ አላደገም፣ ምንም አልበላም። ስድስት ወር ሙሉ! መምህርት እንዳሉት ክብደቱ ሲደርስ ሙሽሬ መሆን አልነበረበትም?


መምህርት ዘማርቆስ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 2፡25

ክብደቱ ደርሷል፤ ግን በጋው ሊመጣ ነው፣ ቢወጣ ልጁ የሚበላው የለም። ስለዚህ ይተኛል። በአሜሪካ አንድ የበቆሎ አገዳ ቆርቁር ላይ በደንብ ታይቷል፦ እንዲህ ሲተኛ የልጅነት ሆርሞኑ አይጠፋም። ከምግብ ውጭ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ በመካከሉ ቆዳ ይቀይራል፣ አሁንም ትል ነው። ሆርሞኑ ሲወርድ ብቻ ነው ሙሽሬ የሚሆነው። በእኛው አገዳ ቆርቁር ላይ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ እርጥበት ነው። ዝናብ ሲጀምር አገዳው ይረጥባል፣ ትሉ ውኃ ያገኛል፣ ሙሽሬ ይሆናል፤ የእሳት እራቱ የሚወጣው አንተ አዲሱን በቆሎ ዘርተህ ሲበቅል ነው።


ዕፅዋት ጠባቂ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 2፡50

ስለዚህ የዚህኛው መድኃኒት ሱቅ አይሸጥም። አገዳውን እንደሰበሰባችሁ አትከምሩት። ማሳው ላይ አጋድማችሁ ለአንድ ወር ያህል ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ውስጡ ያለው ትል በሙቀቱና በድርቁ አብዛኛው ያልቃል። ከዚያ ከምሩት። አቁመው የሚከምሩት ሰዎች ጥላ ስለሚሠሩለት ነው ትሉ የሚተርፈው። ለአጥር የምትተዉት ካለ ግንቦት ከመግባቱ በፊት ለከብት ስጡት ወይም አንድዱት።


ጥያቄ በጥያቄ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3፡05

አንድ ወር ማሳ ላይ ካሰጣሁት የሰው ከብት ይጨርሰዋል።


ዕፅዋት ጠባቂ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3፡12

እንግዲያውስ ግቢህ ውስጥ አስጣው። ብቻ አጋድመው።